የኡሙልኸይር ቤት የሌሊት ደንበኛ እኔ ብቻ ነኝ

ለተከበሩ የወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ልደታ

ክቡር ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬ ከወንበርዎ ሳይነሡ ባሉበት ይድረስዎ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንቅልፍዎ እንደምን ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በትእዛዝዎ መሠረት ነቅተን አለን።

ስሜ ገብረየሱስ ቶሌሳ ይባላል። ጌጃ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት በአናጺነት የሠራሁ፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ታየች ካረፈች ስድስት ዓመት የሆነኝ፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ አላስጻፍኩም፤ ኀፍረቱ የራሴ ስለሆነ ጽሕፈቱም የራሴ ይሁን ብዬ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ነው፤ ሌላውን በእድራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ሰፈሩ ሁሉ እንዲያነበው ነው።

1ኛ/ በቅድሚያ ምስጋና። ባለፈው ጥር ምግብ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሁኑ በተባለበት ስብሰባ ላይ ከሰው ሁሉ መርጠው ፊት ወንበር ስላስቀመጡኝ፣ የታሸገ ውኃም ስላስከፈቱልኝ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝን ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት መነጽሬን አድርጌ ሳገላብጥ አይተውኛል፤ አላነበብኩትም ነበር። አላነበብኩትም ማለት ግን ሰው ፊት አቃተኝ። ማይኩን ሲሰጡኝ ተነሥቼ «ልደታ እንደ ዶሮ በጊዜ መስፈሯ ይብቃ!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ታየች ካረፈች ወዲህ የተናገርኩትን የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረኝ ጭብጨባው ጣመኝ። ቤቴ ገብቼ በሁለት ሰዓት ተኛሁ።

2ኛ/ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ኡሙልኸይር፣ በአንዲት የፉልና የሽሮ ቤት ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ ምሽት ሦስት ሰዓት ትዘጋው የነበረውን በር እስኪነጋ ከፍታ መቀመጥ ጀመረች፤ የሚዘጋ ሰው ፈቃዱ ይነጠቃል ተብላለችና። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ልኬት ግን አውቃለሁ። ሰው ሌሊት ወጥቶ እንዲበላ መጀመሪያ ሌሊት የሚሄድበት ነገር ያስፈልገዋል። ሜክሲኮ ላይ ታክሲው በአራት ሰዓት ይጠፋል፤ ባቡሩም ይተኛል። መብራቱ ግን ይቆጥራል፣ ጋዙ ይነድዳል፣ ዘበኛው ደመወዙን ይፈልጋል፤ መሪማ የምትባለው ወጥ ሠሪም በዚያ ሰዓት ወደ ቤቷ የምትሄድበት አጥታ ሁለት ወንበር ገጥማ ትተኛለች። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ስቆጥር ሰባት ሻይና ሁለት ፉል ተሸጠ። ከሁለቱ ፉል አንዱን የበላሁት እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ የሌሊት ኢኮኖሚ ሲሉ የነበረው ይህ ከሆነ፣ እኔ አንዱ ምሰሶው ነኝ ማለት ነው።

እዚያ የማመሸው ርቦኝ አይደለም። ያቺ ሴት ስብሰባው ላይ ከኋላ ቆማ ሰምታኛለች። አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም። በሬ ላይ ቆሜ ስታየኝ «አባባ፣ ብርድ ነው፣ ይግቡ» ነው የምትለኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

3ኛ/ ግንቦት ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ልከውልን ነበር፤ ለትጋታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ቤቱ ባዶ ነው ብለው እንዳያሽጉባት ፈራሁና ሳልጠየቅ ተጠጋኋቸው። ሰው ገና አሁን ወጥቶ ነው እንጂ መቀመጫ አይገኝም ነበር፣ ከሜክሲኮ ድረስ እየመጡ ይሰለፋሉ አልኳቸው። ኡሙልኸይር ከባንኮኒው ኋላ ሆና ዝም እንድል በእጇ ትለምነኝ ነበር፤ እኔ ግን ትሕትና መሰለኝና ጨመርኩበት። ሠርግ ቤት አስመሰልኩት። ተቆጣጣሪዎቹ በጥሞና ጻፉ፣ «እዚህ ጋ ይፈርሙልን» አሉኝ፣ ፈረምኩ። አሁንም አላነበብኩም።

4ኛ/ ባለፈው ማክሰኞ የኡሙልኸይር የቀን ገቢ ግምት ከሁለት ሺህ ብር ወደ ዘጠኝ ሺህ ብር ከፍ ማለቱን የሚገልጽ ወረቀት ደረሳት። ግብሩም በዚያው ልክ ነው። ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ሳነብ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው፣ እዘገያለሁ። ከግርጌ «ምስክር» ከሚለው አጠገብ የተጻፈውን ስሜን ለማንበብ ግን ጊዜ አልፈጀብኝም።

ቅሬታ የሚቀርበው እስከ ፊታችን ዓርብ ነው። ካልተስተካከለ ቤቱን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ ወራቤ እናቷ ዘንድ እንደምትገባ ለመሪማ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ለእኔ አልነገረችኝም። እንዳላፍር ብላ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ማኅተም ካስፈለገ ማኅተም አድርገውበት ይህን ይመዝግቡልኝ፦ እኔ ገብረየሱስ ቶሌሳ ዋሽቻለሁ። በዚያ ቤት ያሉት ወንበሮች አሥራ ሁለት ናቸው፤ የሠራኋቸው እኔ ስለሆንኩ ቁጥራቸውን አልስትም። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ አብዛኛውን ሌሊት ደንበኛ ሳይቀመጥባቸው ያድራሉ። ምስክርነቴ ይሰረዝ፣ ግምቱ ወደ ነበረበት ይመለስ፣ ሴትዮዋም በሦስት ሰዓቷ ዘግታ ልጆቿ አጠገብ ትተኛ። ልደታ መተኛት ትፈልጋለች ብሎ በስብሰባ የሚናገር ሽማግሌ ካጡ፣ ያለ ውኃም ያለ ማይክም እመጣለሁ። በዚያ ቀን ግን ወረቀቱ አስቀድሞ ጮክ ተብሎ ይነበብልኝ፤ ማንበብ ይከብደኛል።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሰው ፊት ለመናገር ሰባ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ለቢሮዎ ብርሃን፣ ለሌሊትዎ ጸጥታ፣ ለብዕርዎ ደግሞ ጥቂት ማመንታት እንዲሰጥልኝ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ገብረየሱስ ቶሌሳ
ጡረተኛ አናጺ፣ ጌጃ ሰፈር
(ይህን አንብቤ የፈረምኩ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተቆጣጣሪዎችዎ ያን ሌሊት ሁለት ፉል ከነእንቁላሉ፣ አራት ዳቦና ሁለት ሻይ ተመግበው ሄደዋል፤ ሂሳብ የሚጠይቃቸው ደፋር አልተገኘም። በግምቱ ውስጥ እነሱም ተቆጥረው እንደሆነ እንጃ። እውነተኛውን ቁጥር ከፈለጉት ግን፣ ያን ሌሊት ባዶዎቹን ወንበሮች እያየን የበላን ሦስት ተመጋቢዎች ነበርን፤ የከፈልኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።