ልጄን ቅዳሜ ለሚያሰልፉልኝ ለጋሼ ተስፋሁን

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2015
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ለተከበሩ ጋሼ ተስፋሁን፣
የኢዮኤል ደጋፊዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የልጄም የክርስትና አባት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ጉልበትዎም፣ የስኳር ልኬትዎም፣ ከሁሉም በላይ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጮኹበት ጉሮሮዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እናቱ እታገኝ፣ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት የምቆርጠው ሴት፣ እንቅልፍ ከማጣቴ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ልሰጥዎ ነበር። ነገር ግን የልጄ ጉዳይ ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ምግብ ቤት በአደባባይ ሲመከርበት ስለከረመ፣ የእኔም ቃል በአደባባይ ቢነበብ ይሻላል ብዬ ኮሚቴዎ የጨዋታ ፕሮግራም በሚለጥፍበት ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ኢዮኤል የሃያ ዓመት ልጄ ነው። በአንድ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ኳርተርባክ ሆኖ ይጫወታል፤ ማለትም ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡበት ሳለ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር በቅጽበት የሚወስነው እሱ ነው። ከእኛ ልጆች እዚህ ቦታ የደረሰ አናውቅም ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቲሸርት ታተመ፣ ጋሼ ተስፋሁንም ሰብሳቢ ሆኑ። ቅሬታዬን በቁጥር ማስቀመጤ ከእርስዎ ቃለ ጉባኤ የተማርኩት ነው።

1. ስለ ክርክሩ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ። ሴፕቴምበር ላይ ጭንቅላቱ መሬት ከመታ ወዲህ ኢዮኤል ኳሱን ለተጋጣሚ መወርወር እንደጀመረ ሁላችሁም አይታችኋል። እርስዎ «ፎከስ ካደረገ ገና ኢምፕሩቭ ያደርጋል» እያሉ ጠረጴዛ ሲመቱ፣ አቶ ሀይለገብርኤል ደግሞ «ኖ ዌይ ጋሼ፣ እጁ አልቋል» እያሉ ሲመልሱ፣ ስድስት እሑድ ሙሉ በሁለት ወገን ተከራክራችኋል። እጁን መረመራችሁ፣ እግሩን መረመራችሁ፣ እኔ የማበስልለትን ምግብ ሳይቀር መረመራችሁ። ከአንገቱ በላይ ያለውን ግን አንድ ሰው እንኳ አላነሣም። ያን ዕለት ከወደቀበት ተነሥቶ፣ ሄዶ ከተጋጣሚዎቹ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ እየሳቁ ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ። አጠገብዎ የነበርኩት እኔም አብሬዎት ስቄያለሁ፤ ያንን ሳቄን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

2. ስለ አባታዊ ምክርዎ። ልጄ ራሱን እንደሚያመው ከእኔ በፊት የነገረው ለእርስዎ ነው፤ እርስዎም «ወንድ ልጅ ራሴን አመመኝ አይልም» ብለው አበረቱት። ልጁም ቃልዎን እንደ ሕግ ይዞ ዝም አለ። ኋላ ወስጄ ሳስመረምረው የፓሳዴናው ሐኪም በዚህ ዓመት ሜዳ እንዳይረግጥ፣ አንድ ምት ቢደገምበት ላይነሣ እንደሚችል ፊት ለፊታችን ሲነግረን፣ እርስዎ ሐኪሙ ስለ ኳስ ምን ያውቃል አሉ። ለአሰልጣኙ ራሴ ደወልኩ። አሰልጣኙ ልጄን ቢጠይቀው «አይም ፋይን፣ ማሚ ቱ ማች ትጨነቃለች» ብሎ ሳቀ። ቡድኑ ለጭንቅላት ምርመራ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁልጊዜ ያው ስለሆኑ፣ መልሱን በቃሉ ይዞ ያነበንብላቸዋል። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

3. ስለ ሽምግልናው። ከሦስት ሳምንት በፊት አሰልጣኙ፣ ሕመሙን አምኖ ሳይሆን አጨዋወቱ አስጠልቶት፣ ልጄን ከሰልፍ አወጣው። እናንተ እዚህ ለቅሶ ስትቀመጡ እኔ ለአሰልጣኙ ዕድሜ ጸለይኩ። እርስዎ ግን አራት አዛውንት አስከትለው፣ ነጠላ አጣፍተው ቢሮው ድረስ ሄዱ፤ ወንበር ሲያቀርብልዎም ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም አሉት። ያ ምስኪን ፈረንጅ አምስት ሽማግሌ ነጭ ለብሶ ቢሮው ውስጥ ቆሞበት አያውቅም። ሰው የሞተ መስሎት ደንግጦ ነበር አሉ። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ዋን ጌም» አለ፤ የፊታችንን ቅዳሜ ማለቱ ነው፤ እናንተም ተቀመጣችሁ። ሽማግሌ ልጅ ለመዳር፣ የተጣላ ለማስታረቅ ሲላክ አውቃለሁ፤ ልጅ ለማስመታት ሲላክ ያየሁት በእርስዎ ሰብሳቢነት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢዮኤል ከሥራ ሊወስደኝ ከቤት ወጣ። ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ የሚነዳበት መንገድ ነው። አንድ ሰዓት ከጠበቅኩት በኋላ ደወለልኝ። «ማሚ፣ ቤታችን የት ነው?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ለአንድ መንገደኛ እንዲሰጥ አድርጌ ቦታውን ጠየቅኩ፤ ታክሲ ይዤ ስደርስ ባልድዊን ሂልስ ላይ ከማናውቀው ሰው ደጃፍ፣ የመኪናው ሞተር እንደበራ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል። መስኮቱን አወረደና፣ ምን ልታደርጊ መጣሽ፣ ማን ጠራሽ አለኝ። መደወሉን ረስቶታል። መኪናውን እኔ እየነዳሁ ስንመለስ፣ ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው ብሎ አራት ጊዜ ጠየቀኝ፤ አራት ጊዜም መለስኩለት።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ፈርቻለሁ። በሕጉ ልጄ አዋቂ ነውና ላስቀረው አልችልም፤ የእኔን ልመናም የእናት ጭንቀት ብሎ ያልፈዋል። ዝም እንዲል ያዘዙት እርስዎ ነዎትና፣ የሚፈታውም የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ቤታችን ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መጥተው፣ እኔ የክርስትና አባትህ ብትቀር ቅር አይለኝም፣ ይቅርብህ፣ ቢሉት ይቀራል፤ ሌላ ሽማግሌ አያስፈልግም። ጨዋታው የሚጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ በየማለዳው እየተነሣሁ ስሙን እጠይቀዋለሁ።

ለልጄ ዝና ስለደከሙት ድካም፣ ስለ መሯሯጥዎ፣ በተለይም እሺ እስኪባሉ ድረስ ስለቆሙበት ጽኑ እግርዎ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የኮሚቴዎ ታዛዥ፣
እታገኝ፣ የኢዮኤል እናት

ማስታወሻ፦ ኮሌጁ ለቅዳሜው ጨዋታ አዲስ ቅጽ ልኮ ነበር። ፊደሎቹ ስለሚደበላለቁበት ለኢዮኤል የሞላሁለት እኔ ነኝ፤ እሱም ሳያነብ ፈረመ። አደጋ ቢደርስ የሚጠራው ሰው በሚለው መስመር ላይ የእርስዎን ስምና ስልክ ቁጥር ጽፌያለሁ። እኔ ማየት ስለማልችል ቅዳሜ ሥራ እገባለሁና፣ ሲደወልልዎ ለእናቱ ምን ብለው እንደሚነግሯት ከወዲሁ ያስቡበት።