ለሞተርህ ጂፒኤስ መረጥኩ

ሰይዴ፣ የልጄ አባት፣ ባለህበት ሰላሜ ይድረስህ። ከሐይቅ ወጥተህ ካልተመለስክ ሁለት ረመዷን አለፈ። ያልነገርኩህ ወሬ በሆዴ ተከምሯል፤ አመሌን ታውቃለህ፣ ታገሰኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው። ለሞተርህ ጂፒኤስ መረጥኩ። አዎ፣ ሞተርህ እኔ ጋ ናት፤ የምነዳትም እኔው ነኝ። ልብስ ጭኜ ወደ ውጫሌ ገበያ ስወጣ ባጃጅ ነጂዎቹ ገለል ይሉልኛል፣ ከአክብሮት ይሁን ከፍርሃት እንጃ። ሐያት ደግሞ፣ እማዬ ቀሚስሽን ጎማው እንዳይበላው እያለች ትሰበስብልኛለች።

እንዴት እንደተመለሰች ልንገርህ። ጦርነቱ ሲገፋ ምጥ የያዛትን ሴት አምባሰል አድርሰህ ልትመለስ ወጣህ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አልክ። መብራትም ስልክም አልነበረም። ሞቷል የሚል ወሬ ደረሰን፤ የት እንደተቀበርክ የሚያውቅ ግን ጠፋ። ሬሳህን ሳናይ የሩቅ ሟች ሶላት ተሰገደልህ፣ ሰደቃህም ወጣ። ሰው ሁሉ አብሽሪ፣ አይዞሽ ይለኛል፤ እኔ ግን የትኛው መቃብር ሄጄ እንደምዘይርህ እንኳ አላውቅም።

ስልክ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ጁምዓ ሰው ከመስጂድ ሲወጣ፣ መልእክት ገባልኝ። የላከው የሞተርህ ቁጥር ነው። ሞተሩ ተነሥቷል ይላል፤ ከሥሩ ካርታ አለ። ያችን የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ሲም ካርድ ያላት ጂፒኤስ ከመቀመጫዋ ሥር ስትደብቅ ስቄብህ አልነበር? እስክሪን ያለውን ግዛ፣ ያምራል ስልህ፣ መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ፣ ያለሁበትን አንቺ ብታውቂ ይሻላል ብለኸኝ ነበር። ካርታውን ስከፍተው አንዲት ነጥብ ብቻ፤ ዙሪያው አረንጓዴ፣ መንገድ የለ፣ የመንደር ስም የለ። ጥቂት ቆይቶ፣ ሞተሩ ጠፍቷል አለኝ።

በሚቀጥለው ጁምዓም ያው ሰዓት፣ ያው ነጥብ። ከዚያም በየሳምንቱ። ትነሣለች፣ ንቅንቅ አትልም፣ ትጠፋለች። ዘራፊ ቢሆን ይነዳታል እኮ። ለማንም አልተነፈስኩም። ጁምዓ ሲደርስ ወላሂ እንደ ሙሽራ መታጠብ ጀመርኩ። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ስጠብቅህ ጀርባዬን ብርድ ብርድ ይለኛል፤ መልእክቱ ሳይመጣ እንዲቀር ግን አልፈልግም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን አንድ ጁምዓ ነጥቡን ተከትዬ ሄድኩ። ከአስፋልቱ በኋላ ባጃጅ፣ ከባጃጁ በኋላ እግር። ጉም ወርዶ የዘረጋሁትን እጄን አላየውም። ስልኬ ደርሰሻል ባለኝ ቦታ ምንም የለም፤ ያው ጉም ነው። ድንገት ከጉሙ ውስጥ የሞተርህ ድምፅ ተነሣ፣ ያው እንደ ጉንፋናም ካሳለች በኋላ የምትረጋው። ሰይዴ ብዬ ተጣራሁ። ድምፁ ቀጥ አለ።

ከጉሙ የወጡት አባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጂን መስዬአቸው ቁርዓን እየቀሩ ነበር የመጡት። ሴትየዋን አድርሰህ ስትመለስ ከባድ መሣሪያ እንዳገኘህ፣ የቀበሩህም የሰገዱብህም እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ስልክም ወረቀትም ስላላገኙብህ ለማን ይላኩ? ሞተርህን ጭድ ውስጥ ደብቀው፣ ሳትነሣ ከከረመች ትሞታለች ሲባል ስለሰሙ፣ በየጁምዓው ከሶላት መልስ ያስነሷታል። በሬስ ቢሆን ባለቤቱ እስኪመጣ ታስሮ ይከርማል ወይ አሉኝ። ባስነሷት ቁጥር ለእኔ መልእክት እንደሚመጣ ስነግራቸው፣ ቁልፉን ከእጃቸው ጣሉት።

ከዚያ ወደ ጎተራው ጀርባ መሩኝ። ከራስጌህም ከግርጌህም ድንጋይ አቁመውልሃል።

ሞተርህን እንዲህ ነው የተረከብኳት፤ ወደ ጂፒኤሱ ልመለስ። አሁን ያን ዳገት በየጉሙ የምወጣው እኔ ነኝ፤ የምታየኝ ሳትሆን መንገድ የምታሳየኝ ታስፈልገኛለች። ደሴ ያለው ሻጭ ሰፊዋን ሊሰጠኝ ፈለገ፤ ዘፈን ሁሉ ታጫውታለች። ኔትወርክ ሲቋረጥስ አልኩት። ትቆማለች አለ። ትንሿን አነሣሁ። ከሳተላይት ትቀበላለች፣ ዝናብ አይገባትም፣ ፀሐይ ላይም ትነበባለች፣ ቁልፎቿን በጓንት እጫናለሁ። ስም የሌለው ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል ወይ ስለው ሳቀ፤ ስም የሌለው ቦታ ምን ያደርግልሻል እናቴ አለኝ። ሰው አለኝ አልኩት። መሪው ላይ ይገጥምልኝ ጀመር።

ባለፈው ጁምዓ ይዣት ወጣሁ። አጠገብህ ቆሜ ምልክቱን ስጫን ስም ጠየቀችኝ፤ ሰይድ ብዬ ጻፍኩ። ዱዓዬን አድርጌ፣ ወሬዬን አውርቼ፣ ልመለስ ስል ቤት የሚለውን ተጫንኩ። ቀስቷ ወደ አንተ ዞረች። ሞተሩን አዞርኩ፤ እሷም ተመልሳ ወደ አንተ። ቁልቁል ጥቂት ወርጄ አየኋት፤ አሁንም ወደ ኋላዬ፣ ወደ ጉሙ ታመለክታለች። ሻጩ በኋላ ኮምፓሷ እስኪረጋ ነው አለኝ። ይሁንለት። እኔ ግን እዚያው ጉሙ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ደግሞ አትኩራብኝ፤ ሐያት እራት ሳትበላ ትጠብቀኛለች፣ አንተ ጋ አላድርም ብዬ አጠፋኋትና መንገዱን በዓይኔ እየለየሁ ወረድኩ።

ሰይዴ፣ ሲበርድም ሲሞቅም እመጣለሁ። መንዳት ሲያቅተኝ ሐያት ከኋላዋ ታፈናጥጠኛለች፤ መንገዱን ማሳየት ጀምሬያለሁ። አሏህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ስምህ ካርታው ላይ ሰፍሯል፤ ካርታው ቢጠፋ እኔ አለሁ።

ዘሃራህ፣ ከሐይቅ