የካቴል ቆብ

እሑድ፣ ጁላይ 8
ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሴቶች ሜዳው ላይ ተዘረፈጥን። የእንጨት ጫማችንን አውልቀን፣ ቅርጫታችንን አጠገባችን አኑረን፣ የፖም ጠጅ እየተቀባበልን… እህቴ ካቴልም ከወንዝ ማዶ፣ ከባሏ አገር መጥታለች። ካገባች ጀምሮ ቆቧ የእነሱ አገር ሴቶች ቆብ ነው፣ በግራ በቀኝ የሚዘረጋው ክንፉ ረጅም። የኛ ትንሽዬ ናት።
"ይቺን መርከብ ነፋስ እንዳይወስዳት ያዟት!" አልኩ።
"አንቺ ደግሞ የስኒ ክዳን ደፍተሽ!"
በሳቅ ገደለችን። ዞር ስል ሆቴል ያረፈው የፓሪሱ ሠዓሊ፣ ሙሴ ሎርሜ፣ ከኋላችን ቁጭ ብሎ ይሥለናል። ከኋላ! ፊት የለንም እንዴ?

ኦገስት 3
ካቴል በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም።

ኦገስት 12
እማዬ እህል አትቀምስም። "መልኳ እየጠፋብኝ ነው" ትላለች። ፎቶ ተነስታ አታውቅም… ከኛ ማን ተነስቶ ያውቃል?
ሥዕሉ ትዝ አለኝ። ፊቷ ባይኖርም ቆቧ ይኖራል፤ የማዶ ቆብ የደፋች እሷ ብቻ ነበረች። ሙሴ ሎርሜን ለመንኩት። "ስጨርስ አሳያችኋለሁ" አለኝ። ለእማዬ ስነግራት ትንሽ ሾርባ ጠጣች።

ሴፕቴምበር 1
ሙሴ ሎርሜ ነገ ወደ ፓሪስ ሊሄድ ነው። እማዬን ደግፌ ሆቴል ወሰድኳት። ሥዕሉ ላይ ሣሩን ቀይ አድርጎታል… ይሁን። ዘጠኝ ጀርባ። ዘጠኝ ቆብ። ሁሉም የኛ ትንንሽ ቆብ!
"ሙሴ፣ አንዷ ባለረጅም ክንፍ ነበረች እኮ።"
"አዎ፣ ሥዕሉን ረበሸችብኝ። አንድ ዓይነት ሲሆን አያምርም?"
"የቷ ነበረች?"
ትከሻውን ሰበቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ረስቷታል። ምን ልበለው? ብጮህስ ማን ይመልሳታል?
እማዬ ከአገራችን ቋንቋ ሌላ አታውቅም፤ ፈረንሳይኛ አትሰማም። እጄን ጎተተችኝ።
"ናይግ፣ የታለች?"
ጣቴን አንዷ ላይ አደረግኩ።
"ክንፉስ?"
"ነፋስ ነበር እማዬ። ሰብስባው ነው።"
ብዙ አየቻት።
"አዎን" አለች። "ትከሻዋ ነው። ልጄ…"
ጣቷን ስማ ሸራውን ነካች። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ሴፕቴምበር 2
ሥዕሉ ሄደ። እማዬ የጥቁር ስንዴ ቂጣ በእንቁላል በላች፣ ሁለት። "ካቴል ፓሪስ ልትገባ ነው" እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
ለእማዬ ያሳየኋት ሴት አጠገብ የተሣለ ቅርጫት ነበር፣ እጀታው በገመድ የተጠገነ። ያው ቅርጫት አሁን ከበራችን ኋላ ተሰቅሏል። የኔው ነው።