የኬላው ምሳሌ የማን ነው?

ሰኞ፣ ግንቦት 3 ቀን 2007

ስሜ የለም። ሞጁሉን ከፊት ወደ ኋላ ገለጥኩት፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጥኩት፣ የለም። «አዘጋጅ፦ ሆዳን» ይላል፣ አለቀ።

ያየሁት በአጋጣሚ ነው። እትዬ አስቴር፣ የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ፣ ለሐሙሱ ስብሰባ እያባዛች ነበር። «የጓደኛሽ ሞጁል እንዴት ያምራል!» አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች።

ከሆዳን ጋር አንድ ቢሮ ከተቀመጥን አራት ዓመታችን ነው። ሁለታችንም ባዮሎጂ እናስተምራለን። ዘንድሮ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሞጁል ያዘጋጀ ነጥብ ስለሚያዝለት ይቀድማል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እስኪ አንብቢልኝ» ብዬ በፍላሽ የሰጠኋትም እኔው ነኝ። አጉርሼ ተነከስኩ።

ዛሬ ጅግጅጋ የለችም፤ ድንበር ላይ ቶጎጫሌ፣ ነጋዴ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

የባሰው ነገር ደግሞ ዛሬ ክፍል ውስጥ ተራው የዚያው ሞጁል ምዕራፍ ነበር። አስተማርኩት።

የጂኑን መልእክት የሚይዘው ኤም አር ኤን ኤ ከኒውክለስ ሳይወጣ በፊት ይሰናዳል። ራሱ ላይ ቆብ ይደረግለታል፣ የማያስፈልገው ቁራጭ ተቆርጦ ይወጣለታል፣ የቀረው ይገጣጠማል፣ ጭራ ይቀጠልለታል። በየመገጣጠሚያው አጠገብ የፕሮቲን ምልክት ይቀመጣል። እኔና ሆዳን «ማኅተም» የምንለው እሱን ነው፣ ከቶጎጫሌ በሚመጣ ጭነት ላይ እንደሚደረገው። ፕሮቲን የሚሠራው የመጀመሪያው ራይቦዞም መልእክቱን እያነበበ ማኅተሞቹን እየጠረገ ይሄዳል። ያለቦታው «ቁም» የሚል ምልክት ካጋጠመው ግን መሀል ላይ ይቆማል፤ ከፊቱ ያለው ማኅተም ሳይነሳ ይቀራል። ሴሉ ያኔ ይነቃል፣ መልእክቱንም ይበጣጥሰዋል። ጎደሎ ፕሮቲን ከሚሠራ ያ ይሻለዋል።

ከክፍል ወጥቼ የእትዬ አስቴርን ቅጂ በደንብ አነበብኩት። ሆዳን ያስገባችው የመጀመሪያውን ረቂቄን ነው! እዚያ ላይ ነገሩን ገልብጬ ነበር የጻፍኩት፦ ከተነበበ በኋላ ማኅተሙ ያልተነካ ይለፍ፣ ማኅተሙ የተነሳ ይወገድ። በዚህ የኬላ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ኬላ ላይ የሚራገፈው ማኅተሙ የተነካ ጭነት ነው። ሴል ውስጥ ደግሞ ተገላቢጦሹ። መጋቢት ላይ ነቅቼ አረምኩት፣ ለሆዳንም ነገርኳት፣ ተሳስቀንበት ነበር። ረስታዋለች። ወይም ያኔም አልሰማችኝም።

ሐሙስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ገምጋሚ ይመጣል። ዝም ብል ትዋረዳለች። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ፣ ግን ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

መጣች። ዓይኗን በጨው ታጥባ ገብታ «እንዴት አደርሽ አባዮ?» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ።

ቅጂውን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወርኩት።

«ወላሂ ልነግርሽ ነበር» አለች። ነጥቡ ለሁለት ከተከፈለ ሁለታችንም እንቀራለን፣ ቢያንስ አንዳችን እንሂድ ብላ ነው። ታዲያ የምትሄደው ለምን አንቺ ሆንሽ ስላት ተቆጣች። «ኬላው የኔ ነው። ጭነቱ የእናቴ ነው። እኔ ባልነግርሽ ስለ ማኅተም ከየት ታውቂ ነበር?»

እውነቷን ነው፣ ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ምሳሌውን የነገረችኝ እሷ ናት፣ አምና፣ አብረን በሚኒባስ ቶጎጫሌ ስንሄድ። ግን አንድ ምሳሌ ነው። የቀረው አርባ ገጽ የኔ ወገብ ነው።

ስህተቱን አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ገምጋሚው ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ገጹን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «ይሄ የማኅተሙ ነገር ተገልብጦ የለም እንዴ?» አሉ።

ሆዳን አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይህን ክፍል እንኳ የጻፈችው ሰላማዊት ናት» አለች።

ይኸውልሽ! ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራ። አርባ ገጽ የሷ፣ ስህተቱ የኔ። ስሜን ከመንጠቋ ይልቅ እንደዚያ አድርጋ መመለሷ አቃጠለኝ።

ተነሳሁ። «አዎ፣ የኔ ስህተት ነው። መጋቢት ላይ አርሜዋለሁ» አልኩና የታረመውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለገምጋሚው ሰጠኋቸው። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። «የቀረውንስ ማን ጻፈው?» አለ።

ሆዳን ገጹን ታገላብጥ ጀመር። እኔም አፌን ብከፍት ለቅሶ ነበር የሚቀድመኝ። ኃላፊው የሞጁሉን ማስረከቢያ ቅጽ ወደ እኛ ገፋ አድርጎ፣ «ተነጋገሩና የአዘጋጁን ስም ሞልታችሁ ነገ አምጡልኝ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ሆዳን ጠዋት ባዶ ቅጽ ላይ ፈርማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ አብጧል። «የፈለግሽውን ጻፊ። አልከራከርሽም» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

የራሴን ስም ብቻ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። እሷም ያንኑ አልነበር ያደረገችው? እስኪብርቶውን አነሳለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ያ ሚኒባስ እየመጣ አስቸገረኝ፤ ስለ እናቷ ጭነት ስትነግረኝ፣ እኔ ደግሞ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ስጽፍ።

በመጨረሻ እንዲህ ሞላሁት፦ አዘጋጅ፣ ሰላማዊት። ከሥሩ፦ የኬላው ምሳሌ፣ ሆዳን።

ነጥቡ ይከፈላል። ምናልባት ሁለታችንም እንቀር ይሆናል፣ አላውቅም። ለኃላፊው ሳስረክብ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

ስመለስ ሆዳን በር ላይ ቆማ ነበር። እትዬ አስቴር ነግራታለች። «አባዮ…» አለች። እጄን ልትይዘኝ ስትል ሰበሰብኩት። የጻፍኩት ለሷ አዝኜ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

መጽሐፎቼን በካርቶን አደረግኩ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቢሮ ነኝ።