ሁለት ኪሎ ማሾ በእጅ ሻንጣ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10። ጠዋት 2፡00

ሻንጣው ለሦስተኛ ጊዜ ተፈታ። ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ሚዛን 7 ኪ.ግ አለ፤ ነገ የሚመጣው ሁለት ኪሎ ማሾ ሲጨመር 9። የመደብኩለት 8 ነው። ከምን ላይ ልቀንስ? ማሾው 6 ነው፤ አይነካም። ሁለተኛውን ጫማ አወጣሁ። መልሼ አስገባሁ። አሚናት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሚስት ናትና ትስቃለች። ለሦስት ቀን መንገድ ነው አልኳት። "ለሦስት ቀን እንዲህ የሆንክ ሰውዬ፣ ለወር ቢሆንማ ቤቱንም ነቅለህ ትጭነው ነበር!"

ማስታወሻዬ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል ላስፍርልህ። የጨፋ ማሾ ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ከሆንኩ ሁለት ዓመት። ጡረታ የወጣ መምህር ሥራ የለውም ብለው ነው የያዙኝ። ዘንድሮ አ.አ ያለ አንድ ላኪ ድርጅት ያለ ደላላ ከእኛው ልግዛ አለ። ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት። ከሦስቱ መንደሮች ከእያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ናሙና ይቅረብ ይላል ደብዳቤው። ናሙናው ያላለፈ መንደር ውሉ ውስጥ የለም። ያ መንደር እንደ አምናው ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ደላላው በጠራለት ዋጋ ይሸጣል።

34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተማርኩ። የአገሩን መንገድ ሁሉ በጠመኔ ስዬዋለሁ። በሥራ ጉዳይ ስሄድበት ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። እጄ አያርፍም።

እሁድ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት 9፡00

ሐዋ ከቦርከና ወንዝ ማዶ መጣች። የሦስተኛው መንደር ተወካይ፤ አሥራ አንድ ቤት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ራሷ ታስተዳድራለች። 8ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ካርታ ላይ ወንዝ ሲጠፋባት አትደነግጥም፤ "አለ፣ የሆነ ቦታ ይፈሳል" ትለኝ ነበር።

ናሙናዋ በአቡጀዲ ከረጢት። ዘረገፍኩት። ጠጠር የለ፣ ስባሪ የለ፣ የነቀዘ የለ። ሴቶቹ ተሰብስበው ፍሬ በፍሬ ለቅመውታል።

አብሬ ልሂድ አለች። የእኛን ምርት እኔ ላስረዳ። አያስፈልግም አልኩ። መንገዱን አታውቂውም፤ መኝታ አለ፤ ወጪ አለ፤ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ያወራል። ሰባት ምክንያት ቆጠርኩላት። ሰማችኝና ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። "ሰባት ድረስ ከቆጠሩማ እኔ ምን እላለሁ መምህር! በሉ ካራ ነጋ። ማሾዬን አደራ።" የሰላም መንገድ መመኘቷ ነው። ፊቷ ግን ሰላም አልነበረውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12። ጠዋት 3፡15

የመንገድ ሕጌን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ። መታወቂያ ኪስ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ኬላ ላይ ሻንጣ የሚፈታልህ የለም። ሰነድ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱ ደረት ኪስ። ስልክ ቁጥሮች በወረቀት፤ ባትሪ ያልቃል። የቀጠሮ ሱሪ አውቶቡስ ላይ አይለበስም። መኝታ ከመሄድ በፊት ደውሎ መያዝ። ከቀጠሮ አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ። ናሙና ከእጅ አይለይም፤ ጣራ ላይ አይጫንም።

ወንበርም መርጫለሁ። ወደ ደቡብ ነው የምንሄደው፤ የጠዋት ፀሐይ በግራ ነው። ስለዚህ ቀኝ፣ መስኮት።

መናኸሪያ ሄድኩ። መንገዱ ሰላም ነው አሉኝ። ቤት ገባሁ። ሌላ ወሬ ሰማሁ። ተመልሼ ሄድኩ። ያው ሰላም ነው። ሦስተኛ ስሄድ ትኬት ቆራጩ ሳያናግሩት "ሰላም ነው መምህር፣ ሰላም ነው" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13። ማታ 12፡30

በእኛ ከተማ አ.አ መሄድ ተደብቆ አይሆንም። ከቀትር ጀምሮ አደራ ይጎርፋል። አንዱ ቆሎ። አንዱ የመድኃኒት ማዘዣ። አንዱ ልክ ያልሆነው ጫማ፤ በ41 ልቀይርለት! ሚዛኑን እያሳየሁ ሁሉንም መለስኩ። ተቀየሙ። ይቀየሙ።

ከዚያ እትዬ ዘሐራ መጡ፤ ከአጥራችን ማዶ ያሉት። ልጃቸው ሰሚራ አ.አ ወልዳ አሥር ቀኗ። ቅቤ፣ አንድ ኪሎ። ለአራስ የተላከ ቅቤ እምቢ የሚል እዚህ አገር የለም። ኪሎው ሞልቷል ለማለት አፌን ስከፍት አሚናት ይወስዳል ብላ ቀድማ ነግራቸው ኖሯል። "ሰይዶ፣ ሁለተኛውን ጫማ አውጣው። እግርህ እንደሆነ ሁለት ብቻ ነው።" አለችኝ። ጫማው ወጣ።

ቅቤው በፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቋጥሯል። ክዳኑን ላየው ፈለግሁ። ግን የሰው አደራ መፍታት ነውር ነው፤ ምን ጎደለበት ብሎ እንደ መፈተሽ ይቆጠራል። አሚናትም ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ተውኩት። የአራስ ቅቤ እግር ሥር አይቀመጥ። ስለዚህ የእጅ ሻንጣ፣ ከናሙናዎቹ በላይ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14። አ.አ። ከሰዓት 11፡40

ማስታወሻዬ፣ ተበላሸ።

መነሻችን ጠዋት በ12 ሰዓት ነበር። ሽማግሌዎቹ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን፤ ሾፌሩም ወርዶ አሚን አለ። ተነሣን። ሸዋሮቢት ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ፤ የመለዋወጫው ጎማም ነፋስ አልነበረውም። ሌላ ጎማ እስኪመጣ ቀኑ ገፋ። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ መረጥኩት መስኮት ዞረች። ሻንጣውን ከእጄ አልለየሁም፤ ጭኔ ላይ እቅፍ አድርጌ ፀሐይ አስመታሁት።

መኝታ ክፍሉ ገብቼ ከፈትኩ። ቅቤው ቀልጦ ወርዷል። ናሙና 1 እና 2 ደህና ናቸው። ከዕቃው ሥር የነበረው 3 ነው። የሐዋ። ከረጢቱ ተነክሯል። ፎጣ ላይ ዘርግፌ ጠረግሁ። ፎጣው ቢጫ ሆነ፤ ማሾው ጭራሽ ያብረቀርቃል።

ማብረቅረቁ ነው ክፉው። አጭበርባሪ ነጋዴ የከረመ ማሾ አዲስ ለማስመሰል ዘይት ይቀባዋል። ገዢዎቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ሐዋ ጋ ደወልኩ። መስመር የለም። ደግሜ። የለም።

አንድ ሐሳብ መጣ። ከ1 እና ከ2 ቀንሼ ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ልጨምር፣ 3 ብዬ ልጻፍበት። ማሾ ማሾ ነው፤ ማን ያውቃል? ኩረጃ ስቀጣ የኖርኩ ሰው ነኝ ይህን የማስበው። ግን አሥራ አንድ ቤት ነው። አሥራ አንድ። አራት እርምጃ ወደ በሩ፣ አራት ወደ መስኮቱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15። ጠዋት 1፡10

ሐዋ ተገኘች። ሁሉን ነገርኳት፤ ቅቤውን፣ ፀሐይዋን። "እኔን አስቀርተው ቅቤ ይዘው ሄዱ!" ሳቀች ይሁን አለቀሰች መለየት አልቻልኩም። የማታውንም ሐሳብ ነገርኳት። አቋረጠችኝ። "ወሏሂ አይሆንም። በሰው ማሾ ተፈትኜ የራሴን ልጫን? ኋላ መጋዘኑ ሲከፈት ምን ልባል ነው? እውነቱን ይንገሯቸውና ስንት ቀን ይሰጡናል ብለው ይጠይቁ።"

የማከብረው ተማሪ መልስ ነው። አፈርኩ።

ሐሙስ። ከሰዓት 8፡00

የጥራት ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ነጭ ትሪ ላይ ዘረገፈች። 1 አለፈ። 2 አለፈ። 3 ከመፈታቱ በፊት ተናገርኩ። ፈታችው፣ አሸተተች። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገንፎ ነው የቀረው!" ብላ ሳቀች። ኃላፊዋ አልሳቀም። የቀሩት ሁለቱስ አለመቀባታቸውን በምን እናውቃለን አለ። ነጭ ወረቀት አምጥተው ፍሬውን አሹበት። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ፍርዱ፦ ለሦስተኛው መንደር እስከ ቅዳሜ ጠዋት 5 ሰዓት። ከዚያ ውሉ በሁለት መንደር ይዘጋል።

እኔ ተመልሼ ላምጣው ብል አልደርስም። ሐዋ ጋ ደወልኩ። ገና ሳስረዳ ትኬቱን ቆርጫለሁ አለች። ጠዋት ስልኩን እንደዘጋች ነው የቆረጠችው። ናሙናም እየለቀሙ ነው። የመንገድ ሕጌን በስልክ ላነብላት ጀመርኩ። እሺ፣ እሺ ትላለች። አምስተኛው ላይ "መምህር፣ ካርድዎ ያልቃል" አለችኝ።

የተረፈውን ቅቤ ለሰሚራ አደረስኩ። ሕፃኑ ደህና። ጨርቁን ስትፈታ ክዳኑ ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል። መርቄ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 16። ማታ 12፡40

የዛሬን ቀን ጠላቴም አያሳልፈው። ሐዋ ማለዳ ተነሥታለች። በ4 ሰዓት ሸዋሮቢት ነኝ አለች። ከዚያ ዝም። ጁምዓ ሰገድኩ፤ ልቤ መንገድ ላይ ነው። 7፣ የለም። 9፣ ስልኳ ዝግ ነው። መናኸሪያ ሄጄ ከቆመው አውቶቡስ ሁሉ የሚወርደውን ፊት ፊቱን አየሁ። አንድ ጥበቃ ሰው ጠፋብህ ወይ አለኝ።

11፡30 ላይ ወረደች። ሻንጣ የላትም። ማሾውን እንደ ሕፃን አዝላዋለች፤ ከጀርባዬ ማን ሊወስደው ነው ትላለች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ መንገዱን ሁሉ ስታይ ቆይታ ልጅሽ ምነው ዝም አለ ብላ ጠየቀቻት። "የጨፋ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው አልኳት።" ስልኳ ግን ባትሪው አልቋል፤ የኔንም ቁጥር በወረቀት አልያዘችም። ለምን አልያዝሽም ልል ነበር። ማሾውን ዳሰስኩ። ደረቅ።

ዘመዷ ቤት አደርሳት ዘንድ ታክሲ ያዝን። ኃላፊው ስለ እርጥበት ምን ጠየቀ፣ ስለ አጨዳ ምን አለ ስትል ትመረምረኛለች። ግማሹን አላውቅም። እኔ ያስረዳሁት ከወረቀት ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17። ጠዋት 4፡35

ድርጅቱ እንግዳ መቀበያ። ሁለታችንም ተቀምጠናል። የምትናገረውን በአንድ ገጽ ጽፌላት ነበር። አንብባ በአክብሮት መለሰችልኝ።

ፀሐፊዋ ወጥታ ስለ ሦስተኛው መንደር የሚያስረዳው ማነው አለች። እግሬ ሊነሣ ነበር። ያዝኩት። ማኅደሩን ለሐዋ ሰጠኋት። ገባች። በሩ ተዘጋ።

ወስኛለሁ፤ ይመዝገብልኝ። ከአሁን ወዲያ ለማኅበሩ የሚጓዘው ያረሰው ሰው ነው። እኔ ሻንጣውን እመዝናለሁ፣ ደብዳቤውን እጽፋለሁ፣ እቤት እጠብቃለሁ። መጠበቁ እንደሚከብደኝ አውቃለሁ። ይክበደኝ። ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ አቀርባለሁ።

4፡50። ትሪው ላይ ሲዘረገፍ ሰማሁ። ከዚያ የሷ ድምፅ፤ ቀስ ያለ፣ ረጅም። ስለ ቦርከና ውኃ ነው የምታወራው መሰለኝ። ኃላፊው ጠየቀ። መለሰች። ዝምታ። ወረቀት ላይ እያሹት ይሆናል።

4፡57። አሁንም ዝምታ። ሦስት ደቂቃ ቀረ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወይስ የኔ ነው ወደ ፊት

ተከፈተ። ሐዋ ናት። የነሱ እስክሪብቶ ቀለሙ አልቋል፣ መምህር ያንን የሚጽፉበትን ይስጡኝ፣ ልፈርምበት ነው ትለ