ከዜና በኋላ ያለው ባዶ ቦታ

ሐሙስ ጠዋት፣ ወሩ ከገባ በአሥራ አራተኛው ቀን
ከሻይ ማፍያ ክፍሌ

እታለሜ፣ የኔ እናት፣ የኔ ሁሉ ነገር፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ወሬ ብጀምር እንዳትቆጪኝ፣ ደህና እንደሆንሽ ልቤ ነግሮኛል፣ ጉልበትሽንም ተሽሎሻል ብዬ ይዣለሁ፣ አሁን እኔን ስሚኝ። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ ከፍርሃት ነው እንጂ ያስተማርሽኝ ጠፍቶብኝ አይደለም። ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ነው፣ አሁን ሁለት ተኩል ሆኗል፣ ውሃው እስኪፈላ ነው የምጽፍልሽ። እታለሜ፣ ጉድ ሠርቻለሁ። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም፣ ግን አንዲት ትልቅ ሴት በኔ ምክንያት "አእምሮዬ ከዳኝ" ብለው ዛሬ ሥራቸውን ሊለቁ ነው፣ እውነቱን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። "ቴሌቪዥን ጣቢያ ገባሁ" ብዬ የጻፍኩልሽ ጊዜ አንቺ ያለሽበት ቤት ላሉት ሁሉ "እህቴ በቴሌቪዥን ልትታይ ነው" ብለሽ አወራሽ አሉ። አልታይም እታለሜ። እኔ ሻይ ነው የማቀርበው፣ መሬት እጠርጋለሁ፣ የሲጋራ መተርኮሻ እደፋለሁ። ግን የምጠርገው ክፍል ተራ ክፍል እንዳይመስልሽ። አንዱ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ነው፣ ሰባቱ ቀኖች ወደ ጎን፣ ሰዓቶቹ ወደ ታች ተሰምረውበታል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ስሙ የተጻፈበት ካርድ አለው፣ ካርዱ በማግኔት ይለጠፋል። ሐሙስ ሐሙስ አለቆቹ ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ ይውሉና አንዱን ካርድ ከዚህ አንስተው እዚያ ያደርጉታል። አርብ ጠዋት ታይፒስቷ መጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን እንዳለ ትገለብጣለች፣ በቃ፣ እሷ የገለበጠችው ነው በየቤቱ የሚታየው። ኮምፒዩተር አላቸው፣ ግን አለቃው "እኔ በዐይኔ ያላየሁትን አላምንም" ይላል። ያ ግድግዳ ማክሰኞ ካለ ማክሰኞ ነው፣ የሚከራከረው የለም።

ካርዱ የት እንደሚለጠፍ የሚወስነው ደግሞ ቁጥሩ ነው። ሬቲንግ ይሉታል። በተመረጡ ቤቶች ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተቀምጣለች፣ ማን ምን እንዳየ ትቆጥራለች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ቁጥሩ ይመጣል። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ ነው፣ ሻይ ባቀርብ ስኳር ይኑረው አይኑረው የሚለኝ የለም።

የግድግዳው እመቤት፣ ካርዶቹን የሚለጥፉትና የሚጠብቁት፣ እማማ ሰዓት ናቸው። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። ስልሳ ሊሞላቸው ነው፣ የእጅ ሰዓት አያስሩም፣ ግን "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብትያቸው ዘወር እንኳ ሳይሉ ይነግሩሻል። እኔን እዚህ ቤት ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። የመጣሁ ሰሞን ብርጭቆ ሰብሬ ስነፋረቅ "ደግ አደረግሽ፣ ድሮም ያ ብርጭቆ ያስጠላኝ ነበር" ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ክፍሉ አንድ ሕግ አለው። መስኮት አይከፈትም። በትልልቁ ተጽፏል፣ አላነበብኩም አልልሽም። ነፋስ ካርድ ያወርዳላ! ያለፈው ሐሙስ ስብሰባው ሲያልቅ ክፍሉ በጭስ ታፍኖ ራሴን አዞረኝ፣ ለአንዲት ደቂቃ ብዬ ከፈትኩትና መተርኮሻውን ልደፋ ወጣሁ። ስመለስ አንድ ካርድ መሬት ላይ ተዘርሯል። ክው አልኩ። መስኮቱን ዘጋሁና ግድግዳውን ሳይ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው፣ እሑድ ማታ፣ ከዜና በኋላ። አንድ ካርድ መሬት ላይ፣ አንድ ቦታ ባዶ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? አንስቼ ለጠፍኩት። "ተመስገን" ሁሉ ብያለሁ።

ለካ የወደቁት ሁለት ናቸው እታለሜ። የእሑዱ ቦታ የድራማው ነበር። የሱ ካርድ በርሮ ከግድግዳው ሥር ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ በተቀመጠው የእማማ ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። እኔ ያነሳሁት "ጥገና" የሚለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ ቦታ የሌለው ካርድ፣ ሊሰረዝ ተወስኖበት ዳር ላይ "መሰናበቻ" በሚሏት ጥግ ተለጥፎ የነበረ። ጥገና ማለት አንድ መነጽራም ሽማግሌ የተሰበረ ነገር የሚጠግኑበት ነው፣ አንዴ ወንበር፣ አንዴ ጃንጥላ። ብዙም አይናገሩም፣ "እስቲ" ይላሉ፣ ቆይተው "እንዲህ ነው" ይላሉ፣ አለቀ። ቁጥሩ አንድ ነበር። "እሷም የሽማግሌው ሚስት ናት" እያሉ ይስቁበት ነበር።

እማማ ሰዓት ያን ዕለት ጥርሳቸውን አሟቸው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ፣ አርብ ጥርስ ሲያስነቅሉ ዋሉ። ታይፒስቷ ገለበጠች። ኋላ "ትንሽ እንኳ አልገረመሽም?" ብላት "እኔ ጣት ነኝ፣ ጭንቅላት ተብዬ አልተቀጠርኩም" አለችኝ።

እሑድ ከዜና በኋላ ሰዉ ሁሉ ድራማውን ሲጠብቅ ሽማግሌው ብቅ አሉ፣ የአንዲት ሴትዮ የልብስ ስፌት መኪና ይዘው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ።

ሰኞ ጣቢያው ተቀወጠ። የማስታወቂያው ሰውዬ "ደንበኞቼ በቁሜ ይበሉኛል!" እያለ ይንቆራጠጣል፣ አለቃው "ማነው ይህን የለጠፈው?" ብሎ ሲጮህ ብርጭቆዎቼ ትሪው ላይ ተንጫጩ። እማማ ሰዓት ግድግዳውን አዩ። ከዚያ መነጽር ሊያወጡ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ እጃቸው የድራማውን ካርድ ይዞ ወጣ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ" አሉ፣ "እኔው ነኝ የተሳሳትኩት።" እኔ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ። ትሪዬን ይዤ ወደ ሻይ ማፍያዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ቁጥሩ መጣ። አሥራ አራት! ድራማው ከዘጠኝ አልፎ አያውቅም። አለቃው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየው። ስልኩ "የኔንም ሬዲዮ ይጠግኑልኝ" በሚል ሰው ተጨናነቀ። ሰኞ ሲጮህ የነበረው አለቃ ማክሰኞ "እኔም እኮ አዲስ ነገር እንሞክር ስል ነው የከረምኩት" ማለት ጀመረ። እማማ ሰዓት ጀግና ሆኑ። እኔም "በቃ ተረፍን፣ አሁን ብናገር ክብራቸውን መንጠቅ ነው" ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ትናንት መጥተው እዚህ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አሉ። "ስኳር አብዢልኝ" አሉኝ፣ ስኳር አይወዱም።

"ምነው እማማ? ሰዉ እያመሰገነዎት እኮ ነው።"

"የሚያመሰግኑኝ በማላስታውሰው ነገር ነው" አሉ። "ያንን ካርድ በእጄ አውርጄ፣ ቦርሳዬ ከትቼ፣ ሌላ ለጥፌ፣ አንዷን እንኳ አላስታውስም። እናቴን በኔ ዕድሜ ነው እንዲህ የጀመራት። መጨረሻ ላይ እኔን 'የማን ልጅ ነሽ?' ትለኝ ነበር።" ከዚያ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፣ የጡረታ ማመልከቻ። "ነገ ስብሰባው ላይ እሰጣቸዋለሁ። እስኪስቁብኝ ከምጠብቅ እያጨበጨቡልኝ ልውጣ።"

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? "ሻይ ልጨምርልዎት?" አልኩ። ምነው በሞትኩት!

ውሃው ፈላ። ስለ መስኮቱ ሁለቴ ተነግሮኛል፣ "ሦስተኛ የለም" ተብያለሁ፣ ብናገር መባረሬ ነው፣ ወዴት እገባለሁ? ባልናገር ደግሞ እኚህ ሴት ጤነኛ ጭንቅላት ይዘው እንደ በሽተኛ ቤት ሊውሉ ነው። አንቺ ብትኖሪ ከኋላዬ ገፍተሽ ታስገቢኝ ነበር። በይ፣ እንደገፋሽኝ ልቁጠረው። ሄድኩ።

ተመለስኩ፣ ከሰዓት በኋላ ነው።

ብቻቸውን ግድግዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ትሪውን ሳላስቀምጥ በአንድ ትንፋሽ "እማማ መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ካርዱንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ የድራማው በነፋስ ነው ቦርሳዎ የገባው፣ እርስዎ ምንም አልረሱም!" አልኩ።

ትሪውን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡ። ቀጥለው ፈገግ አሉ፣ ግን ምን ዓይነት ፈገግታ፣ አንጀት የሚበላ። "አዝነሽልኝ ነው አይደል ይህን የፈጠርሽው?" አሉኝ።

"እውነቴን ነው!"

"ነፋስ ካርድ አንስቶ ቦርሳ ውስጥ ይከታል? ዚፑንም እሱ ዘጋው በይኛ።"

"እንሞክረው!" ብዬ መስኮቱን በረገድኩት። እታለሜ፣ ነፋስ የሚባል የለም። ያን ቀን ሲያተራምስ የነበረ ነፋስ ዛሬ ቅጠል አያነቃንቅም። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ሂጂ የኔ ልጅ፣ ሻይሽ ይቀዘቅዛል" አሉኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ዋሽቼ ስያዝ እንኳ እንዲህ ተንገብግቤ አላውቅም።

ያኔ ትዝ አለኝ። ላንቺም አልጻፍኩልሽም፣ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትማ። ያን ቀን ካርዱን ሳነሳ ማግኔቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፣ ከሽርጤ ኪስ የሻይ ፓኬት የሚታሸግባትን ተለጣፊ ወረቀት አውጥቼ ነው በሷ የለጠፍኩት። "ካርዱን ይንቀሉት!" አልኩ። "ጀርባውን ይዩት!"

ቁጥሩ ከመጣ ወዲህ ያን ካርድ የነካው የለም። በጥፍራቸው ፈልቅቀው ገለበጡት። ወረቀቷ አለች፣ ከነሻይ ቅንጣቷ። አሸተቱት! "እኔ የሻይ ፓኬት ከፍቼ አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው። "ማግኔቱስ?" ብለው በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ከግድግዳው አጠገብ ካለው ቁም ሳጥን ሥር በማስመሪያ ይጭሩ ጀመር፣ እኔም አጠገባቸው ተደፋሁ። መጀመሪያ እስክሪብቶ ወጣ፣ ቀጥሎ የደረቀ ብስኩት፣ ቀጥሎ ማግኔት። ደግሞ ሌላ ማግኔት። ሁለቱን መዳፋቸው ላይ ይዘው እዚያው መሬቱ ላይ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ በማስመሪያው ጀርባዬን አንዴ አሳረፉብኝ። "ሦስት ቀን ሙሉ ገደልሽኝ እኮ፣ አንቺ ጉደኛ!" ወዲያው ደግሞ ግንባሬን ሳሙኝ። "ድገሚልኝ፣ ከመስኮቱ ጀምረሽ።" ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ስብሰባው ላይ ሻይ እየቀዳሁ አለቃው "እስቲ ያስረዱን፣ ይህን ውሳኔ እንዴት ወሰኑት?" አላቸው።

"እኔ አልወሰንኩም። ነፋስ ነው" አሉ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የማስታወቂያው ሰውዬ "አይ ትሕትና!" አለ።

"ስለ ትሕትና ማን አወራ? መስኮት ተከፍቶ ነበር።"

አለቃው ሳቁን አቆመ። "ማነው የከፈተው?"

እማማ ሰዓት ወደኔ አላዩም፣ አሳልፈውም አልሰጡኝም። ግን እታለሜ፣ ሦስት ቀን ዝም ብዬ አይቼዋለሁ ዝምታን፣ አይሆንም። "እኔ ነኝ ጌታዬ" አልኩ። ድምፄ ከማንቆርቆሪያው ያነሰ ነበር። አለቃው ገና ዛሬ ያየኝ ይመስል አፈጠጠብኝ። "ሁለቴ ተነግሮሽ የለም ወይ?" "አዎ ጌታዬ።" ሊቀጥል ሲል እማማ ሰዓት ከቦርሳቸው ያቺን ማመልከቻ ግማሿን ብቻ ሳብ አደረጉ። "ይህች ልጅ ከሄደች እኔም አብሬያት ነኝ። ከቆየች ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከኔ ጋር ትቁም፣ ካርድ ታቀብለኝ።" አለቃው ማመልከቻውን አየ፣ አሥራ አራት የሚለውን ወረቀት አየ፣ እኔን አየ። "መስኮቱ በምስማር ይመታ" አለ።

ይኸውልሽ፣ ጥገና እሑድ ላይ ጸደቀ፣ ድራማው ወደ ረቡዕ ሄደ፣ እኔም አልተባረርኩም። ሰዉ ሲወጣ ሁለታችን ግድግዳውን እንደ አዲስ ደረደርነው። እኔ ካርዱን ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው ይለጥፋሉ፣ ደስ ሲል! መሐል ላይ በሌላ ስም ጠሩኝ። የልጃቸው ስም ነው፣ ሩቅ አገር ያለች ልጅ አለቻቸው። "አቤት" አልኩ፣ ምን ልበል? ትንሽ ቆይተው በዚያው ስም ደግመው ጠሩኝና "ረቡዕ የቱ ጋ ነበር?" አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። ደክሟቸው ነው እታለሜ፣ የዛሬው ቀን ቀላል አልነበረም፣ ማንም ሰው ይሳሳታል። ግን ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳውን በሙሉ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ በቃሌ ልይዘው ነው። ለማንኛውም ብዬ ነው።

አንቺን ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ያለሽበት ቤት ሰዎች ልብ ይስጣቸው፣ የበላሽው ይስማማሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፣ ፈጣሪ በሕይወት ዐይንሽን ያሳየኝ።

ያሳደግሻት፣
ትንኝሽ