የተቸኮለ ስለት

መስከረም 15

አላለፈችም። የፈተና ቁጥሯን ሦስት ጊዜ አስገባነው፣ ሦስቴም ያው ነው። መጀመሪያ ኔትወርኩ ነው ብዬ ነበር። ኔትወርኩ ምን በወጣው።

ፍሬሕይወት አላለቀሰችም። ያለቀስሁት እኔ ነኝ፣ የተናገርሁትም እኔ። «ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ? ስለቴን አበላሸሽብኝ» አልኋት። ለአንድ ልጄ። ስጽፈው እንኳ ያሳፍራል።

የተሳልሁት ዣንጥላ ቁም ሳጥኑ ላይ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለመስከረም ማርያም ንግሥ እንዲደርስልኝ ብዬ ውጤቱ ሳይመጣ ነው ያሠራሁት። ዳር ዳሩን በወርቃማ ክር አስጠልፌበታለሁ፦ «ወለተ ማርያም ለዩኒቨርሲቲ ስለበቃችልኝ»። የፍሬ የክርስትና ስሟ ነው። መሥሪያ ቤት ድረስ ወስጄ ለመዝገብ ቤት ሰዎች ሁሉ አሳይቻለሁ። እምነት መስሎኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እኔ ነኝ።

መስከረም 16

አልጋዋ ባዶ ነው። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ትታዋለች።

የፈለግሁባቸው፦ ጓደኛዋ ቤት። ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቴ። መናኸሪያ። ሆስፒታል።

ፍኖተ ሰላም ሁሉ ደመራ ወጥቶ እኔ ላህ ወንዝ ዳር ቆሜ ነበር። ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ፣ ለራሴ ግን አልነገርሁም። ውሃው ገና አልጎደለም፣ ድፍርስ ነው፣ ምንም አያሳይም። እመቤቴ ልጄን መልሽልኝ እልና፣ ምን ልሳል እላለሁ። የምሳለው አጣሁ።

መስከረም 17

የንስሐ አባቴ አባ ወልዴ መስቀልን አስታከው መጡ። ጠበል ረጩ፣ ጸሎት አደረሱ። እኔ ምን ብዬ ጠየቅኋቸው? «አባ፣ ዣንጥላውስ ምን ይሁን?» ልጄ ጠፍታ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቀስ ብለው «ስለቱን ማን ላይ ነው የጫንሽ?» አሉኝ።

«ለእመቤታችን ነው የተሳልሁት አባ።»

«ለእመቤታችን ተስለሽ ልጅቱን ነው ያሸከምሽ። ብታልፍ ምስጋናው የእመቤታችን፣ ብትወድቅ ውርደቱ የሷ። እንዲህ ያለ ስለት አለ ወይ ልጄ?»

ሊወጡ ሲሉ «ዛሬ የምናከብረው መስቀል ያን ጊዜ የውርደት እንጨት ነበር። ያዩት ሁሉ አበቃለት ብለው ነው ወደየቤታቸው የተመለሱ» አሉ።

ገባኝ አልልም። ልጄ ከሌለች ምን ይገባኛል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ትንሽ እህል ቀመስሁ።

መስከረም 18

አለች። ልጄ አለች።

ቡሬ ገጠር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጎረቤቷን ላከችብኝ። እዚያ ኔትወርክ የለም። ሰውየው ደጃፌ ላይ ቆሞ መልእክቱን እንደተላከው ተናገረ፦ «ልጅቱ ደህና ናት። እናቴ እንዳትመጣ ብላለች።» የመጀመሪያውን ስሰማ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ሁለተኛውን እንደተንበረከክሁ ሰማሁ።

መስከረም 19

ሄድሁ። እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር፣ በጭቃ። ዣንጥላውንም ይዤ። ለምን እንደያዝሁት አላውቅም፣ ብቻ ቤት ትቼው መውጣት አስፈራኝ።

ፍሬ ዳጉሳ እያረመች ነው። ቀና አላለችም። በሚኒባስ ውስጥ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝና አጠገቧ ተንበርክኬ ማረም ጀመርሁ። በኃይል ነው የምነቅለው። እህቴ ከማሳው ዳር አይታ «አይ የከተማ ሴት፣ ለከርሞ ምን ልታበይን ነው?» አለችኝ።

ፍሬ እጄን ያዘችው። «እማዬ፣ እሱ እኮ ዳጉሳው ነው» አለች።

አረሙን ትቼ ሰብሉን ስነቅል ቆይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው። አልሣቀችም። እጄን ግን ወዲያው አልለቀቀችውም።

መስከረም 20

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ያዋረድሽኝ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ያዋረድሁሽ» አልኋት። ወደ ማሳው እያየች «መጀመሪያ ላህ ነበር የሄድሁት» አለች። «ብዙ ቆምሁ። ከዚያ ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና መጣ።»

እኔም እዚያ ቆሜ እንደነበር አልነገርኋትም። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር መጻፍ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ዣንጥላውን ራሷ ከነጠላው ፈታችው። ጽሕፈቱን አነበበች። መሬት ውጪኝ አልሁ። «እንዲህ ሆኖ አይሰጥም፣ ይዤው እመለሳለሁ» ስላት ተነሥታ ከእህቴ ሁለት መርፌ ተቀብላ መጣች። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ክሩን መፍታት ጀመርን፣ እሷ ከመጨረሻው፣ እኔ ከመሃል። ስለበቃችልኝ ወጣ። ለዩኒቨርሲቲ ወጣ። ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ቀረ፣ ወደ ፀሐይ አድርገው ሲያዩት ያስታውቃል።

ነገ እዚሁ የማርያም ንግሥ ነው። አብራኝ ትሄድ እንደሆነ አላውቅም። ፈተናውን እንደገና ትቀመጥ እንደሆነ፣ ወደ ቤት ትመለስ እንደሆነም አላውቅም፣ አልጠየቅሁም።

ስሟ ላይ ስደርስ መርፌዬን በእጇ ከለከለችው።

«ስሜን ተይው» አለችኝ።